በርጫ ላይ የተሠራው እጅጌ

በእኛ ከተማ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው የሚሠራው አለው። የሚተኛው ይተኛል፣ የማይተኛው ይቅማል። ሱቁ ዝግ ነው፣ ቢሮው ዝግ ነው፣ ባጃጆቹ እንኳ ዛፍ ጥላ ሥር ተደርድረው ሾፌሮቻቸው እግራቸውን ወደ ውጭ ሰደው ያንቀላፋሉ። እኔ ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ከሁለቱም ማኅበር ወጣሁ። ቀን መተኛት ድሮም አይሆንልኝም፤ ጫቱን ደግሞ ተውኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት ቅጠል ሲቀነጥስ የኖረ እጅ በድንገት ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ስጠግን አሳለፍኩ። የተበላሸውን ስጨርስ ወደ ደህናው ተሻገርኩ። ቬንትሌተሩን ፈትቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ መልሼ ስገጥመው አንድ ብሎን ተረፈኝ። ያቺ ብሎን የት እንደነበረች እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ቬንትሌተሩ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በዞረ ቁጥር ያስላል። ባለቤቴ ሦስት ቀን ታገሠችኝ። በአራተኛው ቀን የበሩን ማጠፊያ ስፈታ አገኘችኝና «እባክህ ወይ ቃም፣ ወይ ከቤቴ ውጣልኝ» አለች።

ወጣሁ። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት እስከ ደቻቱ ድልድይ ሄጄ ተመለስኩ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ከድልድዩ ማዶ የጓደኛዬ ቤት አለ፤ በጅቡቲ መስመር ዕድሜውን በከባድ መኪና የጨረሰ ሶማሌ ነው። ሁላችንም በርጫ የምንቀመጠው፣ ማለት ከሰዓቱን አብረን የምንቅመው፣ እሱ ቤት ነበር። ስለዚህ ድልድዩ መሐል ድረስ እሄዳለሁ፣ ቁልቁል የወንዙን ደረቅ አሸዋና በላዩ የሚያቋርጡትን ፍየሎች አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ላገኘኝ ሰው ሁሉ ለጤናዬ ነው የምራመደው እያልኩ ስዋሽ ከረምኩ።

ጫቱን ያስተወኝ ሐኪም አይደለም፣ ቄስም አይደለም። የመጨረሻ ልጃችን ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ትምህርት ቤታቸው የወላጆች ቀን አዘጋጀ፤ እሷም መድረክ ላይ ወጥታ በራሷ የጻፈችውን ልታነብ ተመርጣ ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የማስወጣ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት በዲክላራሲዮን ወረቀት ስሟገት የምውል።

«አባዬ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ለአንድ ቀን በርጫህን ትዘልልኛለህ?»

«ምን ማለትሽ ነው! ከሁሉ ቀድሜ ነው የምገኘው» አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ብዬ ጓደኛዬ ቤት ጎራ አልኩ። በምርቃና ውስጥ ግማሽ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። የድሮው ባቡር ከዚህ ተነስቶ ድንበር እስኪደርስ ስንት ጣቢያ ላይ ይቆም እንደነበር ተከራከርን፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ነገሩን እንደ ርስት ጉዳይ ያዝኩት። አሸነፍኩ። ትምህርት ቤቱ ስደርስ ዘበኛው ወንበር እየደራረበ ነበር። ልጄ ከእናቷ ጋር በሩ ጋ ቆማለች፣ ያነበበችውን ወረቀት አራት ላይ አጥፋ ይዛለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። መጀመሪያ እጄን አየች፣ ከዚያ ከንፈሬን አየች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ደብተር ግዛልኝ ከማለቷ በፊት እንኳ፣ ቅሜ እንደሆነ ወይም ጫት አጥቼ እንደሆነ ለመለየት፣ እንደዚያ ነበር የምታየኝ። «ምንም አይደል አባዬ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ከዚያን ቀን በኋላ ምንም ነገር አደርግልሻለሁ ብላት መልሷ «እሺ» ብቻ ሆነ። ነገ ይገባልናል ለሚል ባለሱቅ እንደምንመልሰው ያለ እሺ። ሰው በልጁ ፊት ውሸታም መሆኑ ሲገባው ወሽመጡ ቁርጥ ይላል፤ የኔም አለ። በሳምንቱ ጫቱን ተውኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ በተለይ ለእሷ። ብነግራት ምን እንደምትል አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ ኪሮሽ ትሠራለች። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ማቀዝቀዣው ለብሷል፣ የሶፋው ክንዶች ለብሰዋል፣ የውኃው ጀሪካን ሳይቀር ኮፍያ አለው። አንድ ቀን ከድልድዩ ስመለስ ዓይኔን አየችና የተተበተበ ክር ጭኔ ላይ ጣለችብኝ። «ይኸውልህ ፍታ» አለች፤ ለመፍታት ሁለት ከሰዓት ፈጀብኝ። ስጨርስ ሌላ አለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የለም አለችና ኪሮሹን፣ ያቺን ጫፏ የታጠፈች መርፌ፣ እጄ ላይ አስቀመጠች።

በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ መጋረጃውንም ሳብኩ። በዚያ ሙቀት መስኮት መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ የድሬ ሰው ይፍረድልኝ። ክሩን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ፣ በመርፌዋ ጎትቼ በቀለበቱ ማሳለፍ፣ እንደገና መጎተት፣ እንደገና ማሳለፍ። ሰንሰለት ይሉታል። ወደ ኋላ መመለስ ስላላስተማረችኝ ዝም ብዬ ወደ ፊት ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰንሰለቱ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞሮ ደጃፉ ላይ ደረሰ። ባለቤቴ ከእንቅልፏ ተነስታ ወለሉን ስታይ ሳቋን መግታት አቃታት። እኔ ግን በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ድልድዩ አልሄድኩም።

ሀራራው አልቀረም። ሀራራ ጫት የለመደ ሰው ሲያጣው የሚይዘው ነገር ነው፤ ያዛጋሃል፣ ዝንብ ታናድድሃለች፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ መዳፍህ በላብ ርሶ ያቃጥላል። በዚያ እጅ ክር መያዝ ሥቃይ ነው። ባለቤቴ የሕፃን ፓውደር አመጣችልኝ። በየአሥር ደቂቃው እጄን ፓውደር እየነሰነስኩ፣ እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ ጥዬ፣ አንድ የቴሌቪዥን ዳንቴል ሠራሁ። አራት ማዕዘን መሆን ነበረበት፤ አራተኛው ማዕዘን ግን አልተገኘም።

በዚህ መሐል የልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ምደባ መጣ። ስልኳን ገልብጣ አሳየችን። «ደብረ ብርሃን» አለች።

«ውይ ልጄን!» አለች እናቷ፣ ደረቷን ይዛ።

ማናችንም አይተነው አናውቅም። የምናውቀው ብርድ አገር መሆኑን ነው። በእኛ ቤት ቀዝቃዛ ነገር ያለው ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው፤ ልጄ በአሥራ ስምንት ዓመቷ አንድም ቀን ሹራብ ለብሳ አታውቅም። እናቷ ገበያ ሄደን ሳልባጅ እንግዛላት አለች። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «አይሆንም፣ ሹራቧን እኔ ነኝ የምሠራላት» አልኩ።

ቬንትሌተሩ አሳለ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፣ ማዕዘን የጎደለውንም ዳንቴል አየች። «እሺ» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

በንዴት ነው ቀፊራ ገበያ የሄድኩት። ክር የምትሸጠዋ ሴትዮ ጥላ ሥር በሰሌን ላይ ጋደም ብላ ነበር። ሳትነሳ «ማል ፌታ?» አለችኝ፣ ምን ፈለግህ ማለቷ ነው።

«የሱፍ ክር። ወፍራም።»

«ሱፍ?» ተነስታ ተቀመጠች። «በዚህ ሙቀት? ወንድሜ፣ ደህና ነህ ወይ?»

«ልጄ ብርድ አገር ልትማር ነው። ሹራብ ልሠራላት ነው።»

«አንተ? በራስህ እጅ?» አለችና ጎረቤቷን በኦሮምኛ ጠርታ ነገረቻት፤ ጎረቤቷ ደግሞ ለሌላዋ ነገረች። ገበያው ሲስቅብኝ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ቆምኩ። ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ክር አወጣችልኝ፤ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም ብቻ ነበር የቀራት። አረንጓዴውን አሻሸችና ይሄ ያምራል አለችኝ። እኔ አረንጓዴ ነገር በእጄ መያዝ አልፈለግሁም። ወይን ጠጁን ወሰድኩ።

ጀርባውን ጀመርኩ። ባለቤቴ ያሳየችኝ የምታውቀውን ብቸኛ አሠራር ነው፤ የዳንቴሉን፣ በየመሐሉ ክፍት ክፍት እየተተወ የሚሄደውን። ከሸሚዝ ላይ የሚደረብ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ፣ እስከ ዳሌ የሚደርስ ሹራብ ነበር ሐሳባችን። የሱፉ ብናኝ ላብ በላብ ከሆነው ደረቴ ላይ እየተጣበቀ ወይን ጠጅ ፀጉር ያወጣሁ መሰልኩ። እጄ ደግሞ ገመናዬን ያወጣ ነበር። ሀራራ ባየለብኝ ቀን አጥብቄ አስራለሁ፣ በተረጋጋሁበት ቀን ይላላል። በዚህም ምክንያት ጀርባው መሐሉ ላይ ያላሰብነውን ወገብ አወጣ። ባለቤቴ በጣቷ እየዳበሰች «ማክሰኞ ዕለት ምን ሆነህ ነበር?» ትለኛለች። ማክሰኞ ጓደኛዬ ስልክ ደውሎልኝ ነበር።

ጎረቤቶች እየመጡ አዩት። ያየው ሁሉ ወደ ብርሃን ከፍ ያደርገውና በቀዳዳዎቹ አሻግሮ ይመለከታል። «እንዴት ያምራል! አየር አለው እኮ» ይላሉ። ባለቤቴም በኩራት «አዎ፣ ነፋስ እንደ ልብ ነው የሚያስገባው» ትላለች። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። በእኛ አገር ልብስ ጥሩ ነው የሚባለው ነፋስ ሲያስገባ ነው። ከመካከላችን አንድም ሰው ሌላ ነገር አላሰበም።

ሁለቱን ፊትና የመጀመሪያውን እጅጌ ጨርሼ ሁለተኛው እጅጌ ሲቀረኝ የተማሪዎች ጥሪ ከጠበቅነው ቀድሞ ወጣ። ስድስት ቀን ብቻ ነው የቀረው። የመጀመሪያው እጅጌ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኝ ነበር። ተቀምጬ ቀኑን ስቆጥር ጓደኛዬ በሩን በርግዶ ገባ፤ በእጁ ፌስታል ይዟል፣ በፌስታሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ከሽታው አውቄዋለሁ።

«አቦ! እውነት ነው እንዴ የሚሉት? ኪሮሽ?»

«እውነት ነው።»

«ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ነው የጠፋኸው? ወላሂ እኔ ታሞ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ስናገር ነበር።» ሹራቡን አንስቶ አገላበጠው። አልሳቀብኝም፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። «ይኼስ ቆንጆ ነው። ምን ቀረው?»

«አንድ እጅጌ። በስድስት ቀን አይደርስም።»

«እና ችግሩ ምንድን ነው? ይዘኸው ና። እኛ ጋ ቁጭ ብለህ ሥራው። ለልጅህ አይደለም እንዴ?»

ምክንያቱ ደግሞ እንከን አልነበረውም። ጫት የያዘ እጅ ሥራ እንደሚያፋጥን እኔም አውቃለሁ፤ ስንቱን ዲክላራሲዮን እንደዚያ ሞልቻለሁ። ለልጄ ነው አልኩ። ለአንድ ቀን ነው አልኩ። ክሩንና ኪሮሹን በጥቁር ፌስታል ከትቼ በማግስቱ ድልድዩን ተሻገርኩ። ከመሐሉ ሳልመለስ ማዶ ስደርስ ጉልበቴ ቀላል ሆኖልኝ እንደነበር አልክድም።

አምስት ሆነን ተቀመጥን። መጀመሪያ ቀለዱብኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ቀልዱ ጠፋ፤ ሁላቸውም ወደ እጅጌው ተጠጉ። አንዱ ክሩ እንዳይተበተብ ይዞ ይለቅልኛል፣ አንዱ ቀለበት ይቆጥርልኛል፣ የቀድሞው የባንክ ሠራተኛ ደግሞ እጅጌ ወደ አንጓ ሲጠጋ መጥበብ አለበት የለበትም ብሎ ሰፊ ክርክር ከፈተ። የራሱን እጅ ለኩልኝ ብሎ ዘረጋ። እጄ ደግሞ ያን ቀን ሌላ እጅ ነበር። አልላበም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ አልተሳሳተም። በአንድ ከሰዓት አንድ ሙሉ እጅጌ ወጣኝ፤ ከትከሻ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት፣ አንድም ቦታ ያልጠበቀ ያልላላ። ስጨርስ አጨበጨቡልኝ።

አፌን በሎሚ ተጉመጥምጬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። አንደኛው እዚህ ጠበብ፣ እዚያ ሰፋ እያለ የሚሄድ፤ ሌላኛው በማሽን የተሠራ የሚመስል፣ ርዝመቱ ደግሞ በአራት ጣት የበለጠ። በምርቃና መቆሚያው የት እንደሆነ ያወቀ አልነበረም፤ የለካነውም በባንክ ሠራተኛው እጅ ነው።

«ይሄን ማን ሠራው?» አለች።

«እኔ።»

«የት?»

እጅጌውን ከአልጋው ላይ አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። እጄን አየች፣ ከንፈሬን አየች፣ ወደ ክፍሏ ሄደች። ያቺን የምጠላትን «እሺ» እንኳ አላለችኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ፤ አፈርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ነገሩን ለሁለት ቀን በልቤ ይዤ ዞርኩ። ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ እቀመጣለሁ። እጅጌውን አራት ጣት ማሳጠር፣ መስፋት፣ ቁልፍ መትከል፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። አንዴ እንኳ የጀመርኩትን ጨረስኩ ማለት ነው፤ ደስ እያለኝ እሸኛታለሁ። ግን እሷ በዚያ ብርድ አገር ጠዋት በተነሳች ቁጥር እጇን የምታስገባው በዚያ እጅጌ ውስጥ ነው። የት እንደተሠራም ታውቃለች። የወላጆች ቀን የቀረሁበትን ሰዓት ለብሳ ልትዞር ነው ማለት ነው።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሻንጣዋን ከምታዘጋጅበት ክፍል በር ላይ በርጩማ አምጥቼ ተቀመጥኩና የእጅጌውን ጫፍ ፈልጌ መተርተር ጀመርኩ። ኪሮሽ በአንድ ክር ነው የሚሄደው፤ ጫፉን ካገኘህ እስከ መጨረሻው ይከተልሃል።

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን እያደረግክ ነው?»

«እየተረተርኩት ነው።»

«ለምን? አልቆ ነበር እኮ!»

«ማዶ ነው የሠራሁት። እየቃምኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅሽን አውቃለሁ። እኔ አልነገርኩሽም ነበር።»

ልብሷን ሻንጣው ላይ ጣለችው። ተቆጣች፤ ከስንት ወር በኋላ ተቆጣችኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። «ሁሌ እኮ አውቃለሁ አባዬ! ልጅ ሆኜም አውቃለሁ። እና አሁን ምን ልትሆን ነው? በሁለት ቀን ልትጨርሰው?»

«አልጨርሰውም» አልኳት።

ዕድሜዬን ሙሉ ለዚህች ልጅ አልችልም ብያት አላውቅም። ሻንጣውን ዘጋችው። ከዚያ መጥታ ወለሉ ላይ ከፊቴ ተቀመጠችና የሚወርደውን ክር እየጠቀለለች መሰብሰብ ጀመረች። ክሩ ከተፈታ በኋላም እየተጠማዘዘ የእጅጌውን መልክ አልለቅም ይል ነበር። እኔ እየተረተርኩ፣ እሷ እየጠቀለለች ጨረስን። ትልቅ ልቃቂት ሆነ። እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ስትጨርሰው ይዘህልኝ ና» አለች። «በሰው እንዳትልከው። አንተው ራስህ።»

እመጣለሁ ማለት ፈራሁ። «እሞክራለሁ» አልኳት።

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ሸኘናት። እናቷ ሌሊቱን የገጣጠመችላትን፣ አንድ እጅጌ ያለውን ሹራብ ከሻንጣው ላይኛው በኩል አኖረችው። እናቷ ሳልባጅ የገዛችላት ግራጫ ሹራብም አለ። አውቶቡሱ ሲወጣ ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔ በኪሴ ያለውን ልቃቂት ጨብጬ ቆሜ ነበር።

ያ እጅጌ አምስት ሳምንት ፈጀ። ሁለት ጊዜ ተርትሬዋለሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እየጠበቅሁ፣ በሩንም መስኮቱንም ከፍቼ፣ ደጃፉ ላይ ሠራሁት፤ ያየ ይየኝ ብዬ። ጓደኛዬ መጥቶ «አቦ፣ እኛ የሠራነውስ?» ብሎ ጠየቀኝና መፍታቴን ስነግረው ከልቡ አዘነ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሁለት ቀን ድልድዩ መሐል ደርሻለሁ፤ ይህን አልደብቅም። ማዶ ግን አልተሻገርኩም። ሲያልቅ እጅጌው እንደ ወንድሙ ጠመም ያለ ነበር፤ ሆኖም ልኩ ትክክል ነው። ለማንም ሳልነግር፣ ለእሷም ሳልደውልላት፣ ለሠርግ የምለብሰውን ኮት ለብሼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አንድ ቀን ተጉዤ አዲስ አበባ አደርኩ፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። በሩ ሲከፈት የሆነ ሰው ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ የመታኝ መሰለኝ። ፀሐይ አለች፣ ብርሃኗም ደማቅ ነው፤ ግን ሙቀት የሚባል የላትም። እንዲህ ያለ ፀሐይ አይቼ አላውቅም። ኮቴ ምንም አልጠቀመኝም። የዩኒቨርሲቲው በር ጋ ደርሼ «በሩ ላይ ነኝ» ብዬ ስደውልላት «የቱ በር ላይ?» አለችኝ።

እየሮጠች መጣች። ከሩቅ አወቅኋት፤ በግራጫው ሳልባጅ ላይ የኔን ሹራብ ደርባለች፣ አንድ እጇ ወይን ጠጅ፣ አንድ እጇ ግራጫ። ስትቀርብ ነፋሱ መጣና በሹራቡ ቀዳዳዎች ሁሉ ገብቶ ወጣ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጎረቤቶቹ፣ ባለቤቴ፣ እኔ፣ ሁላችንም አየር አለው እያልን ያደነቅነው!

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ወንፊት ነው» አልኳት።

ሳቀች። «የዶርም ልጆች የዓሣ መረብ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ለምን ትለብሽዋለሽ?»

«እጅጌው ይመጣ እንደሆነ እያየሁ ነበር» አለች።

ከበሩ ማዶ ያለ የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አውልቂው ልስፋው ስላት እንደለበስኩት ስፋልኝ አለች። እጅጌውን በእጇ አጠለቅኩላት፣ ትከሻዋ ላይ አገጣጠምኩት፣ መርፌዬን አወጣሁ። ክሩ በመርፌው ዓይን አልገባ አለኝ። አንዴ ሞከርኩ፣ ሁለቴ ሞከርኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ቀና ስል እጄን እያየች ነው። ከዚያ ከንፈሬን አየች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬበታለሁ።

«ብርድ ነው» አልኳት። ድምፄ ለራሴም የዋሾ ድምፅ መሰለኝ።

እጇን ዘርግታ እጄን ያዘች፤ ገልብጣ መዳፌን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ሀራራ የያዘው መዳፍ እንዴት እንደሚያቃጥል ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች። የኔ መዳፍ ደርቆ በረዶ ሆኗል።

«እውነትህን ነው አባዬ» አለችኝ፤ እጄንም ቶሎ አልለቀቀችውም።